ጣረ ሞት፦ ስለ ቃሉ ትርጉምና አጠቃቀም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምተዳደረው የሌሎች ሰዎችን ጽሑፍ በማረም ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የልብ ወለድ ረቂቅ ሳርም «ጣረ ሞት የመሰለ» የሚለው ሐረግ ዘጠኝ ጊዜ ገጠመኝ። አንዴ ለታመመ ሽማግሌ፣ አንዴ ለደነገጠች ሙሽራ፣ አንዴ ለተዘጋ ፋብሪካ፣ አንዴ ደግሞ ሞቶ ለተገነዘ ሰው ተነግሯል። ደራሲውን ደውዬ ብጠይቀው «ሰው እንደዚህ ይላል» አለኝ። ሰው እንደዚህ ማለቱ እውነት ነው፤ ዘጠኙም ቦታ ላይ ግን ቃሉ እኩል አልተቀመጠም። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ቃል ጸሐፊዎች፣ ተርጓሚዎችና በሆስፒታል አስተርጓሚነት የሚሠሩ ወዳጆቼ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች በማስታወሻ ደብተሬ መያዝ ጀመርኩ። ከነመልሳቸው እነሆ።

«ጣረ ሞት» ማለት ምን ማለት ነው?

ቃል በቃል «የሞት ጣር» ማለት ነው። ነፍስ ከሥጋ ልትለይ ስትል ሰው የሚያልፍበት ጭንቅ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መገላበጥ፣ መቃተት ሁሉ በዚህ ቃል ይጠቃለላል። «ጣረ ሞት ይዞታል» ሲባል ሰውየው ገና አልሞተም፤ በሕይወትና በሞት መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ሕዝቡ «ነፍስ ውጪ፣ ነፍስ ግቢ» የሚላት ሰዓት ይህችው ናት።

ከዚህ ትርጉም ሁለት ሌሎች ወጥተዋል። አንደኛው መልክን የሚመለከት ነው፤ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ የገባ፣ ቀለሙ የጠፋ ሰው ሲታይ «ጣረ ሞት መሰለ» ይባላል። ሁለተኛው ደግሞ በጨለማ ታየ የሚባለው የሙት መንፈስ ነው። ዛሬ በየመንገዱና በየልብ ወለዱ የሚሰማው በአብዛኛው የመልኩ ትርጉም ሲሆን፣ ስሕተቱም የሚበዛው እዚያው ላይ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከግዕዝ ነው። በግዕዝ «ጻዕር» ማለት ሥቃይ፣ ጭንቅ ማለት ሲሆን ከ«ሞት» ጋር ሲናበብ «ጻዕረ ሞት» ይሆናል። ወደ አማርኛ ሲገባ ሁለት ነገር ሆነ። «ጻ» ወደ «ጣ» ተለወጠ፤ ጾምን ጦም፣ ጽዋን ጥዋ፣ ጸጉርን ጠጉር፣ ፀሐይን ጣይ ያሰኘው ልማድ ነው። ከመካከሉ ያለው «ዕ» ደግሞ በአማርኛ አፍ ስለማይሰማ ተዋጠና «ጻዕር» «ጣር» ሆኖ ቀረ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ መገጣጠሚያው ነው። «ጣር» አማርኛ ሆኖ ሳለ ከ«ሞት» ጋር የተጋጠመው ግን በግዕዝ ሰዋስው ነው። ሳድሱ «ር» ወደ «ረ» መለወጡ ከ«ቤት» «ቤተ መንግሥት»፣ ከ«ልብስ» «ልብሰ ተክህኖ» እንደሚወጣው ያለ ነው። አማርኛው በራሱ ሕግ ቢሄድ «የሞት ጣር» ነበር የሚለው፤ ይላልም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙረኛው «የሞት ጣር ያዘኝ» ይላል፤ በሐዋርያት ሥራም እግዚአብሔር «የሞትን ጣር አጥፍቶ» ክርስቶስን እንዳስነሣው ተጽፏል። ሁለቱ ቅርጾች ጎን ለጎን ቢኖሩም ሥራ ተከፋፍለዋል። «የሞት ጣር» ከውስጥ ለሚሰማው ሥቃይ ሲቀር፣ «ጣረ ሞት» ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ወጥቶ ፊት ላይ ተቀመጠ። «የሞት ጣር መሰለ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ «ጣረ ሞት መሰለ» የማይል ግን የለም።

ጣር ከሞት ጋር ብቻ ነው የሚሄደው?

አይደለም፤ ይህን ሰው ቢያስታውስ ቃሉን በጥንቃቄ በያዘው ነበር። «የምጥ ጣር» አለ፤ በማቴዎስ ወንጌል ስለ መጨረሻው ዘመን ሲነገር «እነዚህም ሁሉ የምጥ ጣር መጀመሪያ ናቸው» የተባለው። ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ እናቱን የሚይዛትና ከዚህ ዓለም ሲወጣ ራሱን የሚይዘው ጭንቅ በአማርኛ አንድ ስም አላቸው።

«ጥረት» እና «ጣር» ዝምድና አላቸው?

አላቸው። «ጣረ» ያለው ግስ «ደከመ፣ ለፋ፣ ታገለ» ማለት ነው፤ «ጥሮ ግሮ አደረ» ስንል ጉልበቱን አፍስሶ ኖረ ማለታችን ነው። በትግርኛም «ጻዕሪ» ማለት ጥረት፣ ልፋት ማለት ሲሆን «ዕ»ን ስለጠበቀ ሥሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዕብራይስጥም «ጻዓር» የሚል የቅርብ ዘመድ አለው፤ ሐዘን፣ የልብ ሕመም ማለት ነው። እስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ልቅሶ ቤት ሲገቡ «በጻዓርህ እካፈላለሁ» ማለትን ከአገሬው ለምደዋል። የአያቶቻቸው ግዕዝ በሌላ አፍ ሲነገር እየሰሙ ነው ማለት ነው።

ከዚሁ ሥር «አጣጣረ» የሚል ግስ ወጥቷል። «እያጣጣረ ነው» ሲባል ሊሞት እየታገለ ነው ማለት ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ያየው ነገር ትልቅ ይመስለኛል፤ የሚሞተውን ሰው እንደተሸነፈ ሳይሆን እንደሚለፋ ነው የቆጠረው። እያንዳንዷ ትንፋሽ ሥራ ናት። ከሚያጣጥር ሰው አልጋ አጠገብ የተቀመጠ፣ ደረቱ ሲነሣና ሲወድቅ እየቆጠረ ያደረ ሰው ይህ የቃል ጨዋታ እንዳልሆነ ያውቃል።

እንዴት ይጻፋል? አንድ ቃል ነው ሁለት?

«ጣረ ሞት»፣ «ጣረሞት»፣ «ጣዕረ ሞት»፣ «ጣእረ ሞት»፣ «ጻዕረ ሞት» ሁሉም በጽሑፍ ይገኛሉ። እኔ የምመርጠው ተነጥሎ የተጻፈውን «ጣረ ሞት» ነው፤ «ቤተ መንግሥት»ን ነጥሎ የሚጽፍ ሰው ይህንን የሚያጣብቅበት ምክንያት የለውም። ግዕዙን ለመጥቀስ የፈለገ «ጻዕረ ሞት» ይበል። «ጣዕረ ሞት» ግን ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ግዕዝ ነው፤ «ጣ» ካለ በኋላ «ዕ»ን መልሶ ማምጣት የሄደን እንግዳ ከደጅ እንደመጥራት ይሆናል። ጋዜጦች በብዛት ስለሚጽፉት ስሕተት ብዬ አልሰርዘውም። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሦስቱ ተቀላቅለው ሲመጡ ግን አንዱን አስመርጣለሁ።

ብዙ ቁጥሩን የሚጠይቁም አሉ። «ጣረ ሞቶች» የሚባለው ለመናፍስት ብቻ ነው። ስለ መልክ ሲሆን «መሰለ» የሚለው ግስ ነው የሚረባው፤ ጣረ ሞት መሰለች፣ ጣረ ሞት መስለው ወጡ።

«ሬሳ መሰለ» ከ«ጣረ ሞት መሰለ» በምን ይለያል?

የብዙዎቹ ጥያቄዎች እናት ይህች ናት። ሬሳ ጨርሷል፤ አይታገልም። ስለዚህ «ሬሳ መሰለ» የምንለው ዝምታውን፣ አለመንቀሳቀሱን፣ ቅዝቃዜውን ስናይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ እንደዋለ ሰው ደክሞት የተዘረረ ጎልማሳ «እንደ ሬሳ ተጋድሞ ተኝቷል» ይባላል፤ ሙሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። «ጣረ ሞት መሰለ» ግን ለተጋደመ ሰው ብቻ አይደለም። ቆሞ የሚሄድ፣ የሚያወራ፣ ዓይኑ የሚንከራተት ሰው ጣረ ሞት ሊመስል ይችላል፤ የሚያስደነግጠውም መንቀሳቀሱ ነው።

በዚህ ሚዛን ያ ልብ ወለድ የት እንደሳተ ይታያል። ተገንዞ የተኛውን ሰው «ጣረ ሞት መስሏል» ማለት አይሆንም፤ የሞተ ሰው ጣሩን ጨርሷል። እንዲያውም ልቅሶ ቤት የሚነገረው ተቃራኒው ነው፤ «ፊቱ ፈክቶ፣ የተኛ መስሎ» እያሉ ነው ሐዘንተኛውን የሚያጽናኑት። ከጣሩ አረፈ ማለታቸው ነው። «ዐረፈ» የሚለው የሞት ስያሜ ራሱ ከዚህ የራቀ አይደለም።

«አስከሬን»፣ «በድን» እና «ጥምብ» የሚሉትስ?

«አስከሬን» የአክብሮት ቃል ነው። አስከሬኑ ከአየር ማረፊያ ደረሰ፣ አስከሬኑ በክብር ተሸኘ ይባላል። ለመልክ መግለጫነት አይውልም፤ «አስከሬን መሰለ» የሚል ጽሑፍ ካየሁ ጸሐፊው «ሬሳ» ማለትን ነውር መስሎት እንደሸሸ እገምታለሁ። «ሬሳ» ነውር አይደለም። ቀብር አስፈጻሚውም፣ ለቀስተኛውም፣ ቄሱም «የሬሳ ሣጥን» ነው የሚሉት።

«በድን» ሕይወት የሌለው አካል ነው፤ የሰውም የእንስሳም ሊሆን ይችላል። በዘይቤ ሲነገር ግን ከመልክ ይልቅ ስሜትን ይይዛል። መርዶ የተነገራት እናት አታለቅስም፣ አትናገርም፣ የያዘችውን ስኒ እንኳ አታስቀምጥም፤ «በድን ሆነች» ይባላል። የደነገጠችው ሙሽራም ለዚህ ቃል ነበር የምትቀርበው፤ ፊቷ ደህና ነው፣ የራቃት ነፍሷ ነው። «ጥምብ» የእንስሳ ብስባሽ ነው፤ ለሰው ከተነገረ ስድብ ነው፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለም።

ጣረ ሞት የሚባለው መልክ በትክክል ምን ዓይነት ነው?

ይህን መልክ በጥንት ጊዜ በጥንቃቄ የመዘገበው ግሪካዊው ሐኪም ሂፖክራተስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የተወለደው ይህ ሰው ለሞት የቀረበ ሕመምተኛን ፊት እንዲህ ሲል ይገልጸዋል፦ አፍንጫው የሾለ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ጆሮ ግንዱ የሰረጎደ፣ ጆሮው ቀዝቅዞ የተኮማተረ፣ የግንባሩ ቆዳ የተወጠረና የደረቀ፣ ቀለሙ የገረጣ ወይም የጠቆረ። ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይህን መልክ በእርሱ ስም ይጠሩታል።

ከመግለጫው ይልቅ ልቤን የሚነካው የሚቀጥለው ነው። ሂፖክራተስ ይህን ፊት ያየ ሐኪም ቸኩሎ እንዳይፈርድ ይመክራል። አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ሕመምተኛው እንቅልፍ አጥቶ ነበር? ተቅማጥ ይዞት ነበር? ተርቦ ነበር? ከእነዚህ አንዱ ከሆነ አደጋው ያንሳል፤ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ፊቱ ሊመለስ ይችላል። እውነትም ነው። ዓይን ወደ ውስጥ የሚገባው ሰውነት ውኃ ሲያጣ ነው፤ በተቅማጥ የተጎዳ ሕፃን ዓይኑ ጎድጉዶ እናቱ ተስፋ ስትቆርጥ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በውኃ ተበጥብጦ በማንኪያ ሲሰጠው ቀስ በቀስ ፊቱ ይሞላል። ጉንጭና ጆሮ ግንድ የሚሰረጉዱት ከቆዳ ሥር ያለው ስብና ጡንቻ ሲያልቅ ነው፤ እርሱ ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ሲሆን ለመመለስም ይዘገያል። ቀለም የሚጠፋው ደግሞ ደም ሲያንስ፣ ወይም ሰውነት ደሙን ለልብና ለአንጎል ሲቆጥብ ከቆዳ ላይ ስለሚሸሽ ነው። ድንጋጤም ለጥቂት ደቂቃ ይህንኑ ያደርጋል።

ስለዚህ ጣረ ሞት የመሰለ ሁሉ ጣረ ሞት አልያዘውም። «መሰለ» የሚለው ቃል ትልቅ ሥራ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ፊት እንዴት «ይገረጣል»? ገረጣ የሚባለው ለነጭ ብቻ አይደለም?

አይደለም። ጥቁርም ጠይምም ፊት ይገረጣል፤ የሚገረጣው ግን ወደ ነጭነት ሳይሆን ወደ አመድነት ነው። አማርኛ ይህን አስቀድሞ ስላወቀ «ፊቱ አመድ መሰለ» ይላል። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙ ልብ ወለዶች ላይ የጎንደር ገበሬ «እንደ ወረቀት ነጣ» ተብሎ ሳይ እርማት ብዕሬን አነሣለሁ። ወረቀት የሚመስል የእኛ ሰው የለም። የጤና ባለሙያዎችም የደም ማነስን ሲፈልጉ ጉንጭ ላይ አያተኩሩም፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርገው ውስጡን፣ ከንፈርን፣ ምላስን ያያሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃን መዳፍ ዘርግተው ከራሳቸው መዳፍ ጋር ያስተያያሉ።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ ሌሎች ቃላትም አሉን፤ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። «ሞገገ» ጉንጭ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ጥርሱ ያለቀ አዛውንት ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፊቱ ሞጋጋ ሊሆን ይችላል። «መነመነ» ከቀን ወደ ቀን ማለቅ ነው። «ኮሰመነ» ከክሳት በላይ አቅም ማጣትን ይነግራል። «ጠወለገ» የተክል ቃል ስለሆነ ውኃ ቢያገኝ እንደሚመለስ ተስፋ ይዟል። «ተጎሳቆለ» ሕመምን ብቻ ሳይሆን ችግርን፣ መንገድን፣ እስርን ያስባል። «ከሰው ተራ ወጣ» ከሁሉም ይከብዳል። ጸሐፊ እነዚህን ሁሉ ትቶ በየገጹ «ጣረ ሞት» ሲል ያለውን ሀብት ሳያየው እንደሚበደር ሰው ይሆንብኛል።

ለሙት መንፈስስ መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል፤ ሕዝቡ ይለዋል። «ጣረ ሞት ያየ ይመስል ደነገጠ» የሚለው አነጋገር የታወቀ ነው። በሌሊት ነጭ ጋቢ ተከናንቦ ከቤት ጀርባ ብቅ ያለ ሽማግሌ ልጆችን በዚህ ስም አስሮጦ ያውቃል። በመጻሕፍት ቋንቋ ግን «ምትሐት» የሚለው ይቀድማል፤ ክርስቶስ በባሕር ላይ ሲሄድ ያዩት ደቀ መዛሙርት «ምትሐት ነው» ብለው ነው የጮኹት። የመናፍስት ታሪክ የሚጽፍ ሰው አንዱን መርጦ ይጽና፤ በአንድ ታሪክ ውስጥ ጣረ ሞት በአልጋ ላይ የሚያቃስት ሰውም በኮሪደር የሚንሳፈፍ መንፈስም ከሆነ አንባቢ ይምታታል።

«ካዳቨረስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ምን ልበለው?

ይህ የተርጓሚዎች ጥያቄ ነው። «ካዳቨረስ» ሬሳን የሚመስል ማለት ሲሆን፣ የመጣው «ካዳቨር» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ሬሳ ማለት ነው። የሕክምና ተማሪዎቻችንም ለትምህርት የሚጠቀሙበትን አስከሬን በዚሁ ስም ይጠሩታል። ላቲኑ «መውደቅ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ካዳቨር የወደቀ ማለት ነው። እኛም በጦር ሜዳ የሞተን «ወደቀ» እንላለን። በመካከለኛው ዘመን ቃሉን ሰነጣጥቀው «ለትል የተሰጠ ሥጋ» ከሚል የላቲን ሐረግ የተውጣጣ ነው ያሉ ነበሩ፤ ስብከት ያምርበታል እንጂ እውነቱ መውደቁ ነው።

አማርኛ ለዚህ አንድ ቅጽል የለውም፤ አያስፈልገውምም። አንዳንዶች «ጣረ ሞታዊ» ብለው ይፈጥራሉ፤ ለጆሮ ይከብዳል፣ ለዓይንም ምንም አያሳይም። ተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩ የትኛውን እንደሚያሳይ ይጠይቅ። ክሳቱን ከሆነ «አጥንቱ የገጠጠ»፣ «ፊቱ የሞገገ» ይበል። ቀለሙን ከሆነ «ፊቱ አመድ የመሰለ»፣ «ደሙ የተመጠጠ የመሰለ»። አለመንቀሳቀሱን ከሆነ «በድን የሆነ»። ሦስቱም ተደራርበው የሚያዩትን የሚያስደነግጡ ከሆነ ያን ጊዜ «ጣረ ሞት የመሰለ» ቦታውን አገኘ። ከመቶ ገጽ አንዴ ቢመጣ አንባቢው ቀና ይላል፤ ዘጠኝ ጊዜ ከመጣ ማንም አያየውም።

በውጭ አገር ሆስፒታል አስተረጉማለሁ። ሐኪሙ ስለ ሕመምተኛው መልክ ሲናገር ምን ልበል?

ያለውን ያህል ብቻ። ሐኪሙ ገርጥቷል ካለ «ገርጥተዋል» ይበቃል፤ «አመድ መስለዋል» የሐኪሙ ቃል አይደለም። ክብደት እንደቀነሱ ከተናገረ «ክብደት ቀንሰዋል»፣ ሰውነታቸው እንዳለቀ ከተናገረ «ሰውነታቸው በጣም መንምኗል» ይባላል። «ጣረ ሞት» በዚያ ክፍል ውስጥ መነገር የለበትም። ሕመምተኛውም ቤተሰቡም አማርኛ የሚሰሙ ናቸው፤ ቃሉ መልክን እንደሚገልጽ ሳይሆን ሞትን እንደሚያውጅ ሆኖ ነው የሚደርሳቸው። በተለይ ለአዛውንት ሲሆን በ«እርስዎ» መናገርና «ደክመዋል» ማለት ብዙ ይሸከማል። «ደክመዋል» ሲባል ልጆቻቸው የሚሰሙትን ይሰማሉ፤ አባትዬው ግን በክብራቸው ይቆያሉ።

ታዲያ ለታመመ ሰው ዘመድ፣ በሹክሹክታ እንኳ፣ መናገር አይቻልም?

አክስቴ ደብረ ብርሃን ታማ በተኛች ጊዜ የአስታማሚው ተራ የእኔ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዲት ጠያቂ መጣች፤ ብርቱካን ይዛለች፣ ልቧ ደግ ነው፣ አልጋው ሥር ተቀምጣ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብላ ብዙ አጫወተቻት። ስሸኛት በሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጣረ ሞት መስላለች፣ እናንተም ጠንክሩ» አለችኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

ስመለስ አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «መስታወት አምጪልኝ» አለች። «እቴቴ፣ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ» አልኳት። ከቦርሳዬ ውስጥ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ በጣቶቿ ጉንጯን መዳሰስ ጀመረች፤ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ፣ ቀስ እያለች፣ የጎደለውን እንደምትለካ። የዚያን ቀን ሾርባ አልቀመሰችም።

መልሴ ይኸው ነው። የታመመ ሰው ጆሮ አይታመምም። ብትሹክም፣ በር ላይ ብትናገርም፣ ይሰማል። ዘመድን ማዘጋጀት ካስፈለገ «በርቱ፣ ደክማለች፣ ዘመድ አዝማድ ቢያያት ጥሩ ነው» ማለት ይቻላል፤ አገር ቤት የዚህ ትርጉም የማይገባው ሰው የለም።

ሙስሊሞች ምን ይላሉ?

አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች በተለይ በወሎ «ሰከራት» ይላሉ፤ ከዐረብኛው «ሰከራተል መውት» የመጣ ነው፣ የሞት ጭንቅ ማለት ነው። «ሰከራት ላይ ነው» ሲባል ከ«ጣረ ሞት ይዞታል» ጋር አንድ ነው። ወደ መልክ መግለጫነት ግን አልተሻገረም፤ «ሰከራት መሰለ» አይባልም። ክርስቲያኑ አዛውንት «አሟሟቴን አሳምርልኝ» ብሎ ሲጸልይ፣ ሙስሊሙም ሰከራቱ እንዲገራለት ሲለምን፣ ሁለቱም የሚፈሩት ያቺኑ ሰዓት ነው።

ሰው ላልሆነ ነገር መናገር ትክክል ነው?

የሚታገል ከሆነ አዎ። ውኃው ከዓመት ዓመት የሚሸሸው የአብያታ ሐይቅ «ጣረ ሞት ላይ ነው» ወይም «እያጣጣረ ነው» ቢባል ያምርበታል፤ ገና አለ፣ ገና ይተነፍሳል፣ ዳርቻው ግን ነጭ ጨው እየሆነ ነው። የተዘጋ ፋብሪካ ግን አያጣጥርም። ማሽኖቹ ዝገዋል፣ ዘበኛው ብቻ ቀርቷል፤ እርሱ በድን ነው። ከነዚያ ዘጠኝ ቦታዎች አንዱን «የፋብሪካው በድን» ብዬ ስለውጠው ደራሲው ራሱ ወደደው።

የዚህ ቃል ተቃራኒ ምንድን ነው?

«ወዝ» ነው፤ በጤነኛ ፊት ላይ የሚታየው ለስላሳ ብርሃን። ሌላው «ደም ግባት» ነው። ሰው ሁሉ ቁንጅና ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ሁለቱን ቃላት ነጣጥሎ የሚሰማቸው ግን ጥቂት ነው፦ የደም መግባት። ከፊት ላይ ደም ሲሸሽ ጣረ ሞት፣ ደም ሲገባ ውበት። ያልተማሩ የምንላቸው እናቶቻችን ይህን ያሉት ከሐኪም ሳይሰሙ፣ ፊት ለፊት እያዩ ነው።

አክስቴ ከዚያ አልጋ ተነሣች። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቷ እማማ ቡና ይዘው ገብተው ገና ከበሩ «ወዝሽ ተመልሷል!» አሏት። አክስቴ መልስ አልሰጠቻቸውም። ወደ እኔ ዞረችና «ያንን መስታወት አሁን አምጪው» አለች፤ ቀጥላም ለጸጉሯ ቅቤ እንድገዛላት ላከችኝ።